ማሲንቆው ምን ሆኖ ነው?

«ሙዚቃው ጥሩ ነው። ግን የቫይኪንግ ሽታ የለውም።»

መልእክቱ ይኸው ነበር። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ሥራ በሁለት መስመር ተመለሰልኝ። ላኪው ስለ ቫይኪንጎች፣ ስለ ጥንቶቹ የስካንዲኔቪያ ባሕረኞች፣ የቪዲዮ ጌም የሚሠራ የአንድ ትንሽ ስቱዲዮ ኃላፊ ነው። አምስት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተጠባብቀው ነው የሚሠሩት። እኔ የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፣ ቀን ደግሞ ከእንቅልፌ እየሰረቅሁ ሙዚቃ እሠራለሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው «ሽታ የለውም» ሲባል ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም። ቡና አፈላሁ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ከነከነኝ። ለመሆኑ የቫይኪንግ ሽታ ምን ዓይነት ነው?

ማንም አያውቅም።

ቀልዴን አይደለም። የቫይኪንግ ዘመን የሚባለው የእንግሊዙ ሊንዲስፋርን ገዳም ከተዘረፈበት ከ793 እስከ 1066 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኖታ ተጽፎ የተረፈ አንድም ዜማ የለም። በዚህ አገር አካባቢ በኖታ የተገኘው ጥንታዊው ዓለማዊ ዜማ፣ በ1300 ገደማ በተጻፈ የሕግ መጽሐፍ መጨረሻ ገጽ ላይ ያለ አጭር ቁራጭ ነው። መጽሐፉ ሩን በሚባለው የሰሜኖቹ ጥንታዊ ፊደል ስለተጻፈ ሲያዩት ቫይኪንግ ይመስላል። ግን ቫይኪንጎቹ ካለፉ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ነው።

በጆሮው የሰማ ምስክር ካስፈለገ አንድ ሰው አለ። አል-ጠርጡሺ ይባላል፤ ከአንዳሉስ፣ ከዛሬዋ ስፔን፣ የተነሳ መንገደኛ ነው። በ965 አካባቢ ዛሬ ሰሜን ጀርመን በሆነው በሄደቢ ከተማ አለፈ። ከእነዚህ ሰዎች ዘፈን የከፋ ሰምቼ አላውቅም ብሎ ጻፈ። ከጉሮሯቸው የሚወጣ ማጓራት ነው፣ የውሻ ጩኸት ይመስላል፣ እንዲያውም ከዚያ ይብሳል አለ። ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ። አንድ ሺህ ዓመት ያለፈው የሙዚቃ ሂስ! ስቱዲዮው ለእኔ የጻፈልኝ ከዚህ ጋር ሲተያይ ሙገሳ ነው።

በማግስቱ እረፍት ስለነበረኝ ጀልባ ተሳፍሬ ወደ ቢርካ ሄድሁ። ቢርካ ያለችው ሜላረን ሐይቅ ውስጥ አንዲት ደሴት ላይ ነው፤ ከስቶክሆልም ሁለት ሰዓት ያህል ታስኬዳለች። በዚያ ዘመን ትልቅ የንግድ ከተማ ነበረች። አሁን ሣርና የመቃብር ጉብታ ነው። በጎች ይግጣሉ። ዜማ ፍለጋ ሄጄ የሰማሁት ነፋስና በግ ብቻ ነው። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ብዙ ተምሬያለሁ። ጌሙ ውስጥ ላለው ሰፈር የሚሆነውን ዜማ የጀመርሁት ከዚያ ዝምታ ነው።

ዜማው ባይተርፍም መሣሪያው እዚህም እዚያም ተርፏል። ዮርክ ውስጥ በ10ኛው መቶ ዘመን ከእንጨት የተሠራ ትንሽ መንፊያ ተገኝቷል፤ ዛሬም ቢነፉት ድምፅ ይሰጣል። ዴንማርክ ውስጥ ሪበ ላይ ደግሞ የስድስት አውታር ሊራ ቁራጭ ከመሬት ወጥቷል። ስዕሉን ሳየው ወንበሬ ላይ ተነስቼ ተቀመጥሁ። ክራር ነው! ቅርጹ ረዘም፣ ጠበብ ያለ ነው እንጂ አሠራሩ ክራር ነው። እነሱ ከመቃብርና ከጭቃ ውስጥ ቁራጩን ይለቅማሉ። እኛ አገር ሠርግ ላይ ይጫወቱታል።

ከዚያ ታግልሃርፓ ወደሚባለው የአውታር መሣሪያ መጣሁ። ዛሬ የቫይኪንግ ሙዚቃ ሲባል ቀድሞ የሚሰማው ያ የሚያቃስት፣ የሚሻክር ድምፅ የእሱ ነው። «ታግል» በስዊድንኛ የፈረስ ጭራ ማለት ነው። አውታሩም ጭራ፣ ደጋኑም ጭራ። በነገራችን ላይ ይህ መሣሪያ በቫይኪንግ ዘመን እንደነበረ ማስረጃ የለም፤ በደጋን መምታት ወደ ሰሜን የመጣው ቆይቶ ነው። ግን የሰው ጆሮ ለምዶታል። ልክ ቀንድ እንዳለው ቆብ ማለት ነው። ቫይኪንጎች ቀንድ አላደረጉም፤ በ1876 ጀርመን ባይሮይት ላይ ለቀረበ ኦፔራ የልብስ ነዳፊው ያወጣው ፋሽን ነው።

ታግልሃርፓ መግዣ ገንዘብ አልነበረኝም። ግድግዳዬ ላይ ግን ከጎንደር የመጣ ማሲንቆ ተሰቅሏል።

አውታሩ የፈረስ ጭራ፣ ደጋኑ የፈረስ ጭራ። አወረድሁት። ጭራውን ሙጫ አሸሁት። ማይኩን ወደ ቆዳው አስጠግቼ፣ በተቻለኝ መጠን ቀስ ብዬ አንድ ድምፅ ብቻ ጎተትሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ አደረግሁት። ክፍሉ ውስጥ ድብ የገባ መሰለኝ። ችግሩ ጣቴ ነው። ዝም ካልሁት ወደ ትዝታ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ አምልጦኝ አንቺ ሆዬም ገብቷል። ሰርዤው ነበር፣ መለስሁት። ላክሁላቸው።

መልስ በሃያ ደቂቃ መጣ። «ይሄ ነው! ይሄ ነው ቫይኪንግ!»

እኔም አመሰግናለሁ ብዬ ዝም አልሁ። ምን እንደሆነ አልነገርኋቸውም። እዚህ ጋ ጥፋቱ የእኔ ነው።

የጌም ሙዚቃ ከፊልም የሚለየው ርዝመት ስለሌለው ነው። ፊልም ላይ ጀግናው መቼ እንደሚወድቅ ይታወቃል። ጌም ላይ ግን ተጫዋቹ ዓሣ ሊያጠምድ ቁጭ ብሎ አርባ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የሁለት ደቂቃ ተኩል ዜማ ሠርተህ፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር እንዲገጥም አድርገህ ታዞረዋለህ። መገጣጠሚያው ከታወቀ አለቀልህ። የሚያምር፣ ጆሮ የሚይዝ ሐረግም አይጠቅምም፤ አሥረኛው ዙር ላይ ተጫዋቹ ድምፁን ያጠፋብሃል። በጣም የምወዳቸውን ሁለት ሐረጎች በዚህ ምክንያት ቆርጬ ጥያለሁ። አሁንም ያሳዝኑኛል።

ሌላው ነገር ድርብርቡ ነው። አራት ድርብ ሠራሁ፤ ከታች ጉምጉምታ፣ ቀጥሎ ማሲንቆው፣ ቀጥሎ ከበሮ፣ ከላይ የሰው ድምፅ። አራቱም አብረው ይጀምራሉ። ጨዋታው እንደ ሁኔታው ድምፃቸውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ተኩላ ሲቀርብ ከበሮው ይገባል። ተኩላው ሲሸሽ ይወጣል። ማኅሌት የቆመ ሰው ይሄ አዲስ አይሆንበትም። በቁም ዜማ ይጀመራል፣ ዝማሜ ላይ መቋሚያው ይገባል፣ ጸናጽሉና ከበሮው እየተከተሉ ጽፋት ላይ ይደምቃል። ዜማው ያው ነው፣ የሚለየው ድርቡ ነው። ለፕሮግራመሩ በዚህ ምሳሌ ላስረዳው ሞክሬ ነበር። በጨዋነት ሰማኝ።

ከበሮን ካነሳሁ አይቀር፣ ከዚያ ዘመን የተረፈ የከበሮ ቅሪት የለም ማለት ይቻላል። ግን ያለ ከበሮ የቫይኪንግ ትሬለር አስቡት! ከአንድ ወዳጄ የሠርግ ከበሮ ተውሼ ነው የቀዳሁት። ጎረቤቴ ግድግዳ ደበደበች። ያም ድምፅ ውስጡ አለ።

የሰፈሩ ዜማ ግን አልመጣ ብሎኝ ቆየ። እርሻ፣ ጭስ፣ የእንጨት ቤቶች፣ ምሽት። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለአንዲት የመጦሪያው እናት ሻይ ይዤ ስገባ ያንኑ ዜማ ሳላውቀው እያንጎራጎርሁ ነበር። ዛሬ ስዊድንኛ «አንቺ» እና «እርስዎ» ብሎ አይለይም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም አንድ ነው። እኔ ግን በልቤ እማማ ነው የምላቸው። ምንድን ነው የምትዘፍነው አሉኝ። የቫይኪንግ ጌም ነው አልሁ። ምን ያደርጋሉ? አሉ። ይዋጋሉ አልኋቸው።

«ሁሉም? ታዲያ ላሞቹን ማን ያግዳል?»

መልስ አጣሁ። ልክ ናቸው። በጥንቱ ቋንቋ «ቪኪንግ» የሚለው ቃል ለባሕር ዘረፋ መውጣትን ነው የሚናገረው፤ የሕዝብ ስም አልነበረም። አብዛኛው ሰው ገበሬ ነበር። እማማ ልጅ ሆነው ዳላርና ውስጥ በጋውን ከከብቶች ጋር ጫካ ያሳልፉ እንደነበር ነገሩኝ። ሴቶቹ ላም የሚጠሩበት ድምፅ አለ፤ ኩልኒንግ ይባላል። ከጭንቅላት የሚወጣ፣ ቀጭን፣ እንደ መርፌ የሚወጋ ጩኸት ነው። ከሩቅ ተራራ ይሰማል። «አሁን አልችልም» አሉና አፋቸውን ከፈቱ። ቻሉ። ኮሪደሩ ላይ ሁለት የጥሪ ደወል ተደወለ። ሮጥሁ።

እሳቸውን መቅዳት አይፈቀድም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ኩልኒንግ የምታውቅ አንዲት ዘፋኝ ፈልጌ ከተከፈለኝ ላይ ቆርጬ ከፈልሁ። ከጠቅላላው ሥራ የማላፍርበት ያ ነው።

ማስተዋወቁ ላይ ስንደርስ ነገር ተበላሸ። ስቱዲዮው የሽያጭ ገጹ ላይ «እውነተኛ የቫይኪንግ ሙዚቃ» ብሎ ጻፈ። ሳየው ሆዴ ቦጭ አለ። ቃሉ ይውጣ ብዬ ጻፍሁ። ሰው የሚፈልገው ይሄንን ነው አሉኝ። እንግዲህ ግድ ሆነ። «የወደዳችሁት የጎንደር ማሲንቆ ነው፤ ከበሮውም የሠርግ ነው» ብዬ ላክሁ።

ሁለት ቀን ዝም አሉ። ቀሪ ክፍያዬ ገና አልገባም ነበር። ሁለቱንም ቀን ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ አስቀመጥሁት። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ደወለና ከት ብሎ ሳቀ። ጽሑፉ «ከቫይኪንግ ዘመን መንፈስ የተነሳ» በሚል ተተካ። ብዙም አልወደድሁትም፣ ግን ውሸት የለበትም።

ከዚያ ማሲንቆውን ይዤ አጭር ቪዲዮ ለቀቅሁ። ፈረስ ጭራ እዚህ፣ ፈረስ ጭራ እዚያ የሚል። ብዙዎቹ ወደዱት። ጥቂቶቹ «አንተን ቫይኪንግ ምን አገባህ?» አሉ። ሩን ፊደልና ነጭ የበላይነት ከድሮ ጀምሮ የተጣበቁባቸው ሰዎች አሉ፤ ናዚዎች የኤስኤስ ምልክታቸውን የወሰዱት ከዚያው ፊደል ነው። ለዚህም ሽፋኑ ላይ የትኛው ሩን እንደሚገባ አንድ ሙሉ ስብሰባ ተደርጓል። ለሰዎቹ መልስ አልሰጠሁም። አል-ጠርጡሺን ልጠቅስላቸው አምሮኝ ተውሁት።

ስፖቲፋይ ላይ ሙዚቃው ከመውጣቱ ቢያንስ ሰባት ቀን አስቀድመህ ካላቀረብህ በተከታዮችህ የአዳዲስ ዘፈኖች ዝርዝር ውስጥ መግባቱ እርግጥ አይደለም። እኔ ያቀረብሁት አራት ቀን ሲቀረው ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ አንድ ዘፈን በ12 ወር ውስጥ አንድ ሺህ ጊዜ ካልተሰማ ክፍያ የለውም። ከአሥራ አንዱ ሥራዎቼ መስመሩን ያለፉት ሁለት ናቸው። በ2023 ግራሚ ለቪዲዮ ጌም ሙዚቃ የመጀመሪያውን ሽልማት ሲሰጥ፣ ያሸነፈችው ስቴፋኒ ኢኮኖሙ ናት፤ ያውም በቫይኪንግ ዓለም ጌም። ያንን ዜና አትሜ ፍሪጅ ላይ ለጥፌው ነበር። ማግኔቱ ለሌላ ነገር አስፈለገኝ።

ትልቁ ቂልነቴ ግን ይሄ ነው። ሙዚቃውን በሚያከፋፍለው ድርጅት ፎርም ላይ «ሥራዎን ከስርቆት እንጠብቅልዎ?» የሚል ሣጥን ነበር። ማን እምቢ ይላል? ምልክት አደረግሁ። ጌሙ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ጌሙን እየተጫወቱ ቪዲዮ የሚለቅቁ ልጆች የመብት ጥያቄ ማስጠንቀቂያ ይደርሳቸው ጀመር። ጥያቄው የሚመጣው በእኔ ስም ነው! በነፃ የሚያስተዋውቁንን ሰዎች እኔው ከሰስኋቸው። ምልክቱን አንስቼ፣ ለእያንዳንዳቸው ይቅርታ ጽፌ፣ እስኪጠራ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ጌም ሙዚቃ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ያችን ሣጥን ተዉዋት።

እሑድ ዕለት ለእናቴ ጎንደር ደውዬ የውጊያውን ዜማ በስልክ አሰማኋት። ዝም ብላ ሰማች።

«ማሲንቆው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያቃስተው?»

«እማዬ፣ ቫይኪንግ ነው።»

«ይማርልህ።»

ከዚያ የሰፈሩን አሰማኋት። ኩልኒንጉ ሲገባ «ይቺ ማናት?» አለች። ላሞቿን እየጠራች ነው አልኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ታዲያ መጡ?»

«ምኖቹ?»

«ላሞቹ ነዋ።»

ጌሙን ከፍቼ አየሁት። ሴትዮዋ ትጣራለች፣ ላሞቹ ባሉበት ቆመው ሣር ይግጣሉ። አንዷ እንኳ ቀና አትልም። ለፕሮግራመሩ ጻፍሁለት፤ ምክንያቱንም፣ ማን እንደጠየቀችም ነግሬዋለሁ። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።