ሞተሩ የራሷ፣ ማርሿ አምስት

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1977 ቶዮታ ላንድክሩዘር ኤፍጄ40 ናት። ሞተሯም ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው 2ኤፍ ነው፤ 4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር፣ በካርቡሬተር የሚሠራ። ያያት ሁሉ «ይሄን አውጥተህ ናፍጣ ግጠምበት» ይለኛል። ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር) አስገባበት ያለኝም አለ። እሺ አላልኩም። ነገሩ ለአሮጌ ዕቃ ከመሳሳት ብቻ አይደለም። 2ኤፍ ትልቁን ጉልበቱን፣ ወደ 285 ኒውተን ሜትር፣ የሚሰጠው ገና በደቂቃ 1,800 ዙር ላይ ነው። እንዲህ ዝቅ ብሎ የሚጎትት ሞተር አስፋልት ላይ የሚያጓራው አቅም ስላነሰው አይደለም፤ ማርሽ ስላለቀበት ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በድሮው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አራተኛ ማርሽ አንድ ለአንድ ነው፣ ዲፈረንሻሉ 4.11 ነው፣ ጎማው 7.50 በ16። የማርሽና የዲፈረንሻል ቁጥር የሚገባው ዘንግ ስንት ዞሮ የሚወጣው አንዴ እንደሚዞር ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲበልጥ (ማርሹ ሲያጥር) ጉልበት ይጨምራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። በዚህ አሠራር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሞተሩ ወደ 2,800 ዙር ይመታል። ለዛሬ ሞተር ምንም አይደለም። ለዚህ ግን ጆሮ ይበጥሳል፣ ቤንዚንም ይጠጣል።

ስለዚህ ጥያቄዬ «ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ምኑን ልቀይር?» የሚል ሆነ። የመጀመሪያው ሐሳብ ዲፈረንሻሉን በ3.70 መለወጥ ነበር። ዙሩን በእርግጥ ያወርዳል፤ ግን ሁሉንም ማርሽ ነው አብሮ የሚያረዝመው። የኔ አንደኛ ማርሽ 3.55 ነው፣ ለዳገት እንደዚሁም አይበቃም። በዚያ ላይ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል እኩል መሆን ስላለባቸው ሁለቱንም መክፈት ነው። ትልቅ ጎማ ማሰርም ዙር ይቀንሳል፤ ግን ፍሬኑን ያደክመዋል፣ መሪውን ያከብደዋል፣ ዳገቱን ያብሰዋል። ሁለቱንም ተውኳቸው።

የመረጥኩት ኤች55ኤፍ የሚባለውን የቶዮታን ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ነው። በ60 እና በ70 ሲሪስ ላንድክሩዘሮች ላይ የሚገኝ ነው። አንደኛው 4.84፣ አምስተኛው 0.845 ነው። ማለትም ታችም ላይም አተረፍኩ። አንደኛው ከበፊቱ በጣም ያጠረ ሆነ፣ አምስተኛው ደግሞ ያንን 2,800 ዙር ወደ 2,360 ገደማ አወረደው። ሌላው ደስ ያለኝ ነገር የዚያው ቤተሰብ ልጅ መሆኑ ነው። መካከል ላይ የሚገባ የተፈበረከ ማገናኛ ብረት የለም፣ ሻንሲ መቁረጥም ሆነ መበየድ የለም። ነገ ተነስቼ ወደ ድሮው ልመልስ ብል እችላለሁ፤ የድሮውን ካምቢዮም ዘይት ቀብቼ አስቀምጬዋለሁ።

አሁን ለገዢ የሚጠቅመውን ልናገር። ካምቢዮውን ብቻውን አትግዙ። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ትራንስፈር ከካምቢዮው ጀርባ ነው የሚታሰረው፣ የሚያገናኛቸው ዘንግ ጥርስ ደግሞ ከዘመን ዘመን ይለያያል። አብረው የኖሩትን ካምቢዮና ትራንስፈር ከአንድ መኪና እንዳሉ ማውጣት ብዙ ራስ ምታት ያድናል። የእጅ ፍሬኑንም እዚያው እዩ! በዚህ መኪና ላይ የእጅ ፍሬን ያለው ጎማው ጋ ሳይሆን ትራንስፈሩ ጀርባ ነው። የእጅ ፍሬን ቦታ የሌለው ትራንስፈር ከገዛችሁ ዳገት ላይ ድንጋይ ፍለጋ ልትወርዱ ነው።

ፍሪሲዮን ላይ ስስት አያዋጣም። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ሸራው፣ ተጫኙ ሳህን፣ ሁለቱ ኩሽኔታዎችና የሞተሩ የኋላ ፓራዮሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ጎማ) በአንድ ላይ ይቀየሩ፤ ቮላኖውም (ሸራው የሚያርፍበት የሞተሩ ከባድ ጎማ ብረት) ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላግ። ሸራውን ከመግዛታችሁ በፊት ግን የአዲሱን ካምቢዮ የፊት ዘንግ ጥርስ ቁጠሩ። ሸራው ዘንጉ ላይ በእጅ ገብቶ ወዲያ ወዲህ ሲል ጠረጴዛ ላይ እዩት፤ መኪና ስር ተኝቶ ከማወቅ ይሻላል። የካምቢዮውን ክብደት ነገር አልነግራችሁም። ብቻ ክሪክ ላይ አስራችሁ እንጂ በደረት አትያዙት።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። ሞተሩ ያው ነው፣ ስለዚህ ከኋላው ያለው ዕቃ የሚሸከመው ጉልበትም ያው ነው ብሎ ማሰብ ይቀናል። አይደለም። አንደኛ ማርሽ ከ3.55 ወደ 4.84 ሲሄድ ከካምቢዮው የሚወጣው ጉልበት ከሲሶ በላይ ይጨምራል። ክሮቼራው (ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው የመስቀል መገጣጠሚያ)፣ ዲፈረንሻሉ፣ የጎማ ዘንጎቹ ይሄንን ጭማሪ ይቀበላሉ። አሮጌ ክሮቼራ በድሮው ማርሽ ገና ብዙ ሊያገለግል ይችል ነበር፣ በአዲሱ ግን ይጣላል። እኔ ሁሉንም ቀየርኩ። የዲፈረንሻሉንም ክዳን ከፍቼ ጥርሱንና ክፍተቱን አየሁ፤ ጤነኛ ስለነበር ዘይት ብቻ ለውጬ ዘጋሁት።

ከሁሉም ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ካምቢዮው ሳይሆን ፕሮፔለር ሻፍቱ፣ ማለትም ከትራንስፈሩ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅም ዘንግ ነው። አምስተኛ ማርሽ የምትቀመጠው ከካምቢዮው ኋላ ስለሆነ ትራንስፈሩ ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ የኋላው ሻፍት ማጠር፣ የፊተኛው መርዘም አለበት። መቁረጥና መበየድ ማንም ይችላል። ከተበየደ በኋላ በማሽን አሽከርክሮ ሚዛኑን ማስተካከል ነው ዋናው ሥራ። ሁለቱ ጫፍ ያሉት ሹካዎችም በአንድ መስመር ካልቆሙ መኪናው በሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጥፋቱ ግን ጎማ ነው ተብሎ ጎማ ሲመዘን ይከረማል።

ደግሞ አንግል አለ። ሻፍት ሲያጥር ቁልቁለቱ ይጨምራል። ሕጉ ይሄ ነው፤ የትራንስፈሩ መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ትይዩ መሆን አለባቸው። አንዱ ክሮቼራ የሚፈጥረውን መወዛወዝ ሌላው የሚያጠፋለት ያኔ ነው። በአንግል መለኪያ ሁለቱን ጫፍ ለካሁ፣ ልዩነት ስለነበረው ከባሌስትራው (መኪናውን ከተሸከመው የብረት ንጣፍ ስፕሪንግ) ጋር ስስ ሽብልቅ ብረት አስገብቼ የኋላውን ዲፈረንሻል አፍንጫ አስተካከልኩ። ልኬቱ የሚወሰደው መኪናው በራሱ ጎማ ቆሞ ነው እንጂ በክሪክ ተሰቅሎ አይደለም፤ ሲሰቀል ባሌስትራው ይንጠለጠልና ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ለካምቢዮው የተጠቀምኩት ዘይት ደረጃው ጂኤል-4፣ ውፍረቱ 75ደብልዩ-90 ነው። «ጂኤል-5 ቁጥሩ ስለሚበልጥ ይሻላል» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዲፈረንሻል ልክ ነው። የካምቢዮ ማርሽ ማመሳሰያ ቀለበቶች ግን የነሐስ ዘር ናቸው፣ አንዳንዱ ጂኤል-5 ውስጥ ያለው ቅመም ይበላቸዋል። የፍጥነት ማሳያው የሚዞረው ከትራንስፈሩ መውጫ ስለሆነ ካምቢዮ መቀየሩ ብቻውን አያዛባውም፤ ቢሆንም ትራንስፈሩም ስለተቀየረ በስልክ ጂፒኤስ አመሳከርኩት።

አነዳዱም ይለወጣል። ሜዳ ላይ በባዶ መኪና አንደኛን ብዙም አልፈልጋትም፣ በሁለተኛ ነው የምነሳው። አንደኛ ለጭነት፣ ለዳገትና ለጭቃ ትቀመጥ። አምስተኛን ከ80 ኪሎ ሜትር በታች አላስገባም። በ80 ላይ ሞተሩ 1,900 ዙር አካባቢ ነው፣ ማለትም ጉልበቱ ካለበት ቦታ ላይ ነው። በ60 አምስተኛ ብታስገቡ ወደ 1,400 ይወርድና መኪናው ማንገራገር ይጀምራል፤ ያኔ ጋዝ መርገጥ ቤንዚን ማባከን ነው። ዳገት ሲመጣ ወደ አራተኛ መመለስን አትፈሩት፣ አራተኛ ያው የድሮዋ አራተኛ ናት።

የቀረኝ የፊት ፍሬን ነው። ከበሮ ነው፣ በዲስክ ሊለወጥ ይገባዋል። አሁን መኪናዋ 100ን ያለ ጩኸት ስለምትይዝ ሳይታወቀኝ እየፈጠንኩ ነው፤ ያ ከበሮ ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል አይዝም። ዲስኩ እስኪታሰር ቁልቁለት ላይ በሦስተኛ ነው የምወርደው።