ውሃው ደርሷል ወይ?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለከተራና ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ፣ አደረሰን! ባሕር ዳር ላላችሁም፣ መንገዱ አላስገባ ብሏችሁ በያላችሁበት በስልክ ለምትከታተሉም።

ይህን የምጽፍላችሁ በከተራ ዋዜማ ሌሊት ነው። ዘንባባው ታስሮ አልቋል። ምንጣፎቹ ተጠቅልለው ግቢያችን ውስጥ ተደርድረዋል። ልጆቹ ከበሮ ሲለማመዱ እስካሁን ይሰማኛል፤ ደስ ይላል። ዓይኔ ግን ደጋግሞ ባዶዎቹ ጀሪካኖች ላይ ያርፋል።

የሰፈራችን ልጆች ስለ ማን እንደማወራ ገብቷችኋል። እማማን ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሳይፈታ ሸኘናቸው።

እማማ የዘጌ ሰው ነበሩ። ሞፈር ከማይገባባት፣ በቡናና በጌሾ ጥላ ከምታድረው ከዘጌ። በልጅነታቸው በታንኳ፣ ኋላም በሞተር ጀልባ እየተሻገሩ ጌሾና ሎሚ ባሕር ዳር ገበያ ያወርዱ ነበር፤ በመጨረሻ እዚሁ ሰፈራችን ቀሩ። ሀብት የላቸውም፣ ፊደል አልቆጠሩም፣ ድምፃቸውም ለመዝሙር የሚሆን አልነበረም። የምንጣፍ ማኅበሩን ስንጀምር መዋጮ ልንለምን ቤት ለቤት ስንዞር የእሳቸውን በር አልፈነው ሄድን። ምን ይሰጡናል ብለን።

በዚያ ዓመት ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ፣ ሌሊቱን ሳንተኛ ያደርን ልጆች ምንጣፍ እያነሣን እያነጠፍን ስንሮጥ ከግማሽ መንገድ በፊት ጉሮሯችን ደረቀ። የጥር ፀሐይ አናት ይበሳል። እማማ በራቸው ላይ ቆመዋል። ሁለት ቢጫ ጀሪካን፣ አንድ ጣሳ። ውሃው ላይ ሎሚ ጨምቀውበታል። የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም ማንንም አላስፈቀዱም። «ምንጣፍ የለኝም ልጆቼ፤ ውሃ ግን አለኝ» አሉን። እውነት ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን እዚያች በር ላይ ባንጠጣ ምንጣፉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አይደርስም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መጀመሪያ የምንጠያየቀው «ውሃው ደርሷል ወይ?» ሆነ።

በ2010 ዓ.ም. ጣናን የወረረውን አረም፣ እምቦጭን፣ ልንነቅል ወደ ፎገራ በኩል ስንወርድ «ጉልበቴ አይችልም» ብለው ቀሩ፤ ሎሚያቸው ግን ከእኛ ጋር መኪና ላይ ወጣ። እምቦጭ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ የሚነቅል አለ፣ ወደ ዳር የሚጎትት አለ፣ ዳር ላይ የሚከምርና የሚያደርቅ አለ። አንዱ ከሰነፈ የተነቀለው መልሶ ይንሳፈፍና ከቁራጩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ማታ ጭቃ በጭቃ ሆነን ያንን ሎሚ ስንካፈል አንድ የአካባቢው ገበሬ «ይህን የላከው ሰው አብሮን ነቅሏል» አለን። ለእማማ ስነግራቸው ምንም ሳይሉ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገራችሁ። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳው በዛና እኛም አምሮብን መታየት ፈለግን። ሁላችንም አንድ ዓይነት ቲሸርት እንልበስ፣ ያልከፈለ ምንጣፍ አይያዝ አልን። ሁለት ልጆች መክፈል አቃታቸው፤ ምንም ሳይናገሩ ቀሩ። በየዓመቱ ከሁላችን በፊት ተነሥተው መንገዱን የሚጠርጉት እነሱ ነበሩ። ገንዘብ ያዡ እኔ ነኝ፤ ስማቸውን ከመዝገቡ የሰረዝኩትም እኔ። እማማ ውሃውን እየቀዱልኝ «የሚጠርጉት ልጆችስ?» ሲሉኝ ጣሳውን ይዤ ቀረሁ።

ክረምቱን እማማ ሲታመሙ ባጃጅ የምትነዳው ወንድማችን፣ አንድም ቀን ሂሳብ ሳትቀበል አመላለስካቸው። ነርሷ እኅታችን፣ ከሌሊት ተረኛ ወጥተሽ ቤትሽ ሳትገቢ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ትመጪ ነበር። ልብስ ሰፊው ጋሼ፣ የተቀደደውን ምንጣፍ በሚሰፉበት እጅዎ ትራስና ፍራሻቸውን አበጁላቸው። ዲያቆናችን፣ ማታ ማታ ውዳሴ ማርያም አነበብክላቸው። ስማችሁን እንዳልጽፍ ስለለመናችሁኝ አልጻፍኩም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ መተሳሰብ ያስተማረችን ያቺ ጣሳ ናት።

የቀብሩ ዕለት ዝናብ ይጥላል። ጎሕ ሲቀድ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ደጁ ተጠርጓል፣ ውሃ መውረጃው ተቆፍሯል። ሁለቱ ልጆች ጭቃ ላይ ቆመዋል። ማንም አልጠራቸውም። እጃቸውን ያዝኩ፤ ቃል ግን አልወጣኝም።

ቃና ዘገሊላ ሲሰበክ እኔ ልቤ የሚቀረው ጋኖቹን በሞሉት አገልጋዮች ላይ ነው። ወይን ማድረግ የእነሱ ሥራ አልነበረም። የነበራቸው ውሃ ብቻ ነው፤ ያንን እስከ አፉ ሞሉት። ስማቸውን ማንም አልጻፈውም። ከእማማ ወዲህ ይህን ስሰማ ቢጫ ጀሪካን ነው የሚታየኝ።

ወንድሞቼ፣ ለሁለታችሁ። ያን ጠዋት ያልወጣኝ ቃል ይህ ነው፦ ይቅር በሉኝ። ዘንድሮ ቲሸርት የሚባል የለም። ስማችሁን ከመዝገቡ አናት ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ መጥረጊያችሁም እኔ ቤት ነው። ሳልተኛ እጠብቃችኋለሁ።

ዘንድሮ ሐዘን የገባባችሁ፣ ያጣችሁ፣ የተለያያችሁ ሁሉ፣ መድኃኔዓለም ያጽናችሁ። የታመማችሁ፣ በረከተ ጥምቀቱ ይድረሳችሁ።

የእማማ የእህት ልጅ ዛሬ ጠዋት በዘጌው ጀልባ አንድ ጆንያ ሎሚ ልካልናለች። ጨማቂ እጅ ይጎድለናል። ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እማማ በር ላይ ነን፤ ቢላዋ ያላችሁ ቢላዋ፣ ጀሪካን ያላችሁ ጀሪካን ይዛችሁ ኑ። ጣሳዋ አለች።