50 ኪሎዳልተን ላይ የወጣችው መስመር

የአይጥ ጉበት ፕሮቲኖች በክብደታቸው ተለይተው የተለጠፉበትን ስስ ወረቀት መሰል ሜምብሬን ማቅለሚያ ውስጥ ነክረን ሳህኑን ስናወዛውዝ 50 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ ሐምራዊ ሰረዝ ብቅ አለች። ቀጥ ያለች፣ ወፈር ያለች። የምንፈልገው ፕሮቲን፣ የሬቲኖይክ አሲድ ተቀባይ አልፋ፣ 462 አሚኖ አሲድ ነው፤ ክብደቱም እዚያው ገደማ። ክፍሉ በደስታ ተናጋ።

ደስታው ይገባኛል። ጎንደር ላይ አንዲት ብልቃጥ አንቲቦዲ (የሚፈለገውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) እስክትደርስ ያለውን አበሳ የቀመሰ ያውቀዋል። በረዶ ተጠቅጥቆባት ትመጣለች፣ አዲስ አበባ ትከርማለች፣ እዚህ ደርሳም መብራት በጠፋ ቁጥር ልባችን ፍሪዘሩ ጋ ነው። ሥራውም ለጌጥ አይደለም። የቫይታሚን ኤ እጥረት የሕፃናትን ዓይን ያጠፋል፤ ቫይታሚኑ ደግሞ ወደ ሬቲኖይክ አሲድ ተለውጦ ጂኖችን የሚያዘው በእነዚህ ተቀባዮች በኩል ነው።

የምንጠቀመው ሁለት አንቲቦዲ ነው፤ ፕራይመሪው የምንፈልገውን ፕሮቲን ይይዛል፣ ሴኮንደሪው ፕራይመሪውን ይዞ ቀለሙን ያወጣል። የማስተርስ ተማሪዋ ግን ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች።

«ዶክተር፣ ፕራይመሪ ያልነካው ሜምብሬን አለን?»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ጉበቱ የአይጥ ነው። አንቲቦዲውም የአይጥ ነው።»

«ሞኖክሎናል እኮ ነው ልጄ! ከአንድ ክሎን የወጣ። አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚይዘው።»

«እሱስ ልክ ነዎት። ሴኮንደሪው ግን የአይጥ አንቲቦዲ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። የጉበቱን ደም ደግሞ አላጠብንም፤ ደሙ ውስጥ የአይጡ የራሱ አንቲቦዲ አለ። መስመሯም ከሴሉ እምብርት ከኒውክለሱ ይልቅ በዙሪያው ካለው ከሳይቶፕላዝሙ በወጣው ናሙና ላይ ነው የደመቀችው።»

«ለመማር ነው የመጣሽው ወይስ ለማስተማር?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔ እዚያ ቤንች ላይ ስንት ተማሪ ሲመጣና ሲሄድ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ተቀባዩ የኒውክለስ ፕሮቲን መሆኑን አስባ፣ ደሙን አስባ፣ ሁሉንም አገናኝታ ነው የተናገረችው። ፕራይመሪው የቱንም ያህል ጥሩ ይሁን፣ ሴኮንደሪውን አይቆጣጠረውም።

በማግስቱ አንዱን ሜምብሬን ሴኮንደሪ ብቻ አስነካነው። መስመሯ እዚያው ቦታዋ ላይ ወጣች። የአይጡ የራሱ አንቲቦዲ (አይጂጂ) ከባድ ሰንሰለት ነበረች፤ እሷም 50 ኪሎዳልተን ናት። 25 ላይ ቀላል ሰንሰለቱም ፈዘዝ ብሎ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የሚቀጥለውን ጉበት ደሙ እስኪጠራ በጨው ውሃ አጠብነው። የአይጡን አንቲቦዲ የማይነካ ሴኮንደሪ እንድንጠቀም ከጥንቸል የተሠራ አንቲቦዲም አስመጣን። ያኔ ኒውክለሱ ላይ ቀጭን መስመር አገኘን። ቀጭን ናት፣ ግን የእውነት ናት።

ሥራው ለባልደረቦች ሲቀርብ ዶክተሩ «ተገቢውን ማነጻጸሪያ ኮንትሮል አስገብተን አረጋግጠናል» አሉ። የልጅቷ ስም አልተነሳም። እጄን አውጥቼ ጥያቄውን መጀመሪያ ያነሳችው እሷ መሆኗን በስሟ ጠርቼ ተናገርኩ።

«አዎ፣ ተማሪዎቹም አግዘውናል» አሉና ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፉ።