ወገቤና ሁለቱ ቁጥሮች

ጠዋት ካልሲ ማጥለቅ ለአራት ዓመት ፈተናዬ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። ትንፋሼን ይዤ ጎንበስ ስል ከወገቤ እስከ ግራ ተረከዜ መብረቅ ይወርዳል። ቀጥሎ ስድብ። ካልሲውንም፣ ወገቤንም፣ የተወለድኩበትንም ቀን።

የዲስክ መንሸራተት ነው ተባልኩ። የማስታገሻ ክኒኑ ጨጓራዬን ፈጀው። ፊዚዮቴራፒው ጠቅሞኛል፤ ሌሊቱን ግን አላስተኛኝም።

ሐኪሜ «የካናቢስ ዘይት እንሞክር» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ጋንጃ? በዚህ ዕድሜዬ? በምኖርበት አገር በሐኪም ትዕዛዝ የተፈቀደ ነው፤ ሕጉ አላሳሰበኝም። ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ሳላውቅ ግን አልነካውም ብዬ ማንበብ ያዝኩ።

ለካ አንጎላችን የራሱ ካናቢስ መሰል ቅመም አለው! እ.ኤ.አ. በ1992 ተገኝቶ አናንዳሚድ ተባለ፤ ስሙ በሳንስክሪት ደስታ ከሚል ቃል የመጣ ነው። አሠራሩ ገረመኝ። በነርቮች መካከል መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ከላኪው ወደ ተቀባዩ ነው የሚሄደው። ይሄኛው ከተቀባዩ ወደ ላኪው ይመለስና «በቃ፣ ቀስ በል» ይለዋል። በካናቢስ ውስጥ ያለው አስካሪው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ፣ የሚያርፈውም አናንዳሚድ የሚያርፍበት ላይ ነው፤ በነርቩ ላይ ያለ ሲቢ1 የሚባል መልእክት መያዣ ላይ። ይህ መያዣ ፍርሃትና ጭንቀት በሚስተናገድበት፣ አሚግዳላ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥም አለ።

ዓይኔን የገለጠልኝ ግን የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ሙከራ ነው። ለ12 ጤነኛ ወንዶች 15 ሚሊግራም ቲኤችሲ ሰጥተው፣ ቆዳቸውን በቃሪያ ማቃጠያ ቅባት ቀቧቸው። በአማካይ የማቃጠሉ ኃይል ያን ያህል አልቀነሰም። ምን ያህል እንደረበሻቸው ሲጠየቁ ግን ቁጥሩ ወረደ።

ስለዚህ ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩት። ባንዱ በኩል «ምን ያህል ያማል»፣ በሌላው «ምን ያህል ያናድዳል»፤ ከ10። ከመጀመሬ በፊት 7 እና 9 ነበርኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 6 እና 4። አንድ ቀን ጠዋት ካልሲውን ሳጠልቅ መብረቁ እንደ ወትሮው ወረደ። ስድቡን ጠበቅኩት፤ አልመጣም።

እዚህ ለመድረስ ግን አንዴ ጉድ ሆኛለሁ። አንድ ማታ ዘይቱን ዋጥኩ፤ 45 ደቂቃ ሆነው፣ ምንም የለም። ያልሠራ መስሎኝ ደገምኩት። የሚዋጥ ካናቢስ በሆድና በጉበት ዞሮ ነው አንጎል የሚደርሰው፤ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጉበት ደግሞ ቲኤችሲውን ወደ ሌላ ኃይለኛ ነገር ይለውጠዋል። ሁለቱ መጠን ተደራርቦ ሲመጣ ልቤ ድው ድው፣ ግድግዳው ዘመም። ባለቤቴን ውሃ አምጪልኝ አልኳት፤ ስታመጣው ለምን እንደያዘችው ጠፋኝ። ሲቢ1 ትዝታን በሚይዘው የአንጎል ክፍልም ሞልቷል፣ እንግዲህ። ከዚያ ወዲህ የዋጥኩበትን ሰዓት ሳልጽፍ አልተኛም። በዋጥኩ ማታ መኪናም አልነካም።

በሦስተኛው ወር ሁለተኛው ቁጥር ወደ 8 ተመለሰ። ጠብታ መጨመር ጀምሬ ነበር፣ ሐኪሜ አስቆሙኝ። በየቀኑ ሲወሰድ አንጎል እነዚያን የሲቢ1 መያዣዎች ይቀንሳል፤ መጠን መጨመር ያንኑ ያባብሳል። ለሦስት ሳምንት ተውኩት። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ክፉ ነበሩ፤ እንቅልፍ እምቢ፣ ሲመጣ ደግሞ ሕልሙ እንደ ፊልም። ከዚያ በአነስተኛ መጠን፣ ማታ ማታ ብቻ፣ ያውም እያሳለፍኩ ጀመርኩት።

ሁሉም የጠብታው ሥራ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2025 ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ባለባቸው 820 ሰዎች ላይ የተደረገ ከካናቢስ የተጨመቀ መድኃኒት ሙከራ ውጤት ወጥቶ ነበር። ከማስመሰያ መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር የሕመሙ ልዩነት ወደ 0.6 ነጥብ ገደማ ነው። ስለዚህ በየቀኑ የምሠራትን የወገብ እንቅስቃሴ አልተውኩም፤ የመጀመሪያውን ቁጥር ዝቅ ያደረገችው እሷ ትመስለኛለች።

የዛሬ ጠዋት ደብተር፦ 5 እና 3። ካልሲው ተጠልቋል። የግራ ጫማዬን ክር ግን አሁንም የምታስርልኝ ባለቤቴ ናት።