«ድኛለሁ» ያሉኝ ሀጂ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የግል ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ዘንድሮ 7ኛ አመቴ ነው። ይህን የምጽፈው ፋርማሲ የምትሰሩም፣ ቤታችሁ ጉበት የተተከለለት ሰው ያላችሁም እንድታነቡት ብዬ ነው።

ሰኞ ቀን ነው፣ ገበያተኛው ሞልቷል። ከኮምቦልቻ የመጡ ሀምሳዎቹን ያለፉ አንድ ሀጂ የጨጓራ ባክቴሪያ ማዘዣ ሰጡኝ፣ ክላሪትሮማይሲን፣ አሞክሲሲሊን፣ ኦሜፕራዞል፣ ያው በቀን ስንቴ የምንሰጠው ነው። «ሀጂ ሌላ በሽታ አለብዎት? ስኳር፣ ግፊት?» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ ልጄ» አሉኝ። ከምን እንደዳኑ ሳልጠይቅ አወሳሰዱን ጽፌ ሰጠኋቸው፣ ከኋላቸው ሰልፍ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ልጃቸው ደግፎ ይዟቸው መጣ። እንቅልፍ የለ፣ ራስ ምታት፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ «ለነርቭ የሚሆን ቫይታሚን ስጪን» አለኝ። ውሃ ቀዳሁላቸው፣ ብርጭቆው ጥርሳቸውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ግማሹ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። ቫይታሚኑን ከመደርደሪያ ላወርድ እጄን ከዘረጋሁ በኋላ ነው «ሌላ የሚውጡት ነገር አለ እንዴ?» ብዬ የጠየቅኩት። ልጁ «ያው የጉበቱ ነዋ» አለና ከጃኬታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ስትሪፕ አወጣ። ታክሮሊመስ። ክው አልኩ።

ለካ ከ2 አመት በፊት ህንድ ሄደው ጉበት ተተክሎላቸዋል። መጀመሪያ የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ስንት ነገር ሲሞከር ከርሞ፣ ሄፓታይተስ ቢ ጉበታቸውን አጠንክሮት ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ ነው የሄዱት፣ መኪናቸውንም መሬታቸውንም ሸጠው። ጉበቱን የሰጣቸው ይሄው ልጃቸው ነው። ቀኝ ጎኑን ነው የሚወስዱት፣ ከግማሽ በላይ ማለት ነው፣ ከዛ የሰጪው ቀሪ ጉበትም የተቀባዩም በጥቂት ወራት ውስጥ ያድጋል። ልጁ ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን ሲያሳየኝ የምለው ጠፋኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታክሮሊመስ ሰውነት የተተከለውን ጉበት ባዕድ ነው ብሎ እንዳያጠቃው በሽታ መከላከያውን ዝቅ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፣ ዶዙ ትንሽ ሲያንስ ጉበቱ ይጠቃል፣ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ጉበትና አንጀት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው የሚሰባብረው፣ ክላሪትሮማይሲን ደግሞ ያንን ኢንዛይም ያስረዋል። ስለዚህ ሀጂ ዶዛቸውን ሳይጨምሩ ልክ እንደ ድሮው እየዋጡ መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ ተጠራቀመ። ይሄን ተምሬዋለሁ፣ ግን ያኔ አላሰብኩትም።

«ሀጂ እኔ ነኝ የሰጠሁዎት፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ በዛ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ትከሻዬን ይዘው። እዛው ሆኜ ደሴ ላይ ለሚከታተላቸው ሐኪም ደወልኩ፣ ክላሪትሮማይሲኑ ወዲያው ቆመ። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ከፍ የሚለው ክሬቲኒናቸው 1.1 የነበረው 2.4 ገብቷል። የታክሮሊመሱ መጠን የሚለካው ደግሞ ጠዋት መድኃኒቱ ከመዋጡ በፊት በሚቀዳ ደም ነው፣ እሳቸው የዛን ቀን ጠዋት ውጠዋል፣ ስለዚህ የማታውን ሐኪሙ አስቁሞ በማግስቱ ማለዳ ሐምራዊ ክዳን ባላት ቱቦ ተቀድቶ አዲስ አበባ ተላከ። 26 መጣ። ህንዶቹ ከ5 እስከ 8 ይሁን ነበር ያሉት።

ልጁ ደንግጦ «በቃ ጭራሽ ያቁመው?» ሲለኝ ያ ነው የበለጠ ያስፈራኝ፣ ምክንያቱም ጭራሽ ከቆመ ጉበቱ ይሄዳል። ሐኪሙ ከህንዶቹ ጋር በስልክ እየተነጋገረ ጥቂት ቀን አስታግሶ በትንሽ ዶዝ መለሰው። ሌላም ነገር አለ፣ ኢንዛይሙ የሚፈታው በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ እያለ ስለሆነ፣ ሲፈታ ያቺ የተቀነሰች ዶዝ ታንሳለች፣ በሳምንቱ ሲለካ 4 ወርዶ ነበር፣ ያኔ ደግሞ ከፍ ተደረገ። በ3ኛው ሳምንት ክሬቲኒናቸው 1.3 ሲሆን ነው እኔም እንቅልፍ የወሰደኝ።

ፋርማሲ ያላችሁ፣ የፈንገሶቹ ኬቶኮናዞልና ፍሉኮናዞል፣ የግፊቱ ዲልቲያዜም ታክሮሊመስን እንደዚሁ ከፍ ያደርጉታል። የቲቢው ሪፋምፒሲን ግልባጩ ነው፣ ታክሮሊመሱን ጠርጎ ያወጣዋል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከሱ ጋር ሲሆኑ ኩላሊት ላይ ይደራረባሉ፣ እኛ ሰፈር ደግሞ ወገቤን ላለ ሁሉ የሚሰጠው እሱ ነው።

አሁን «በሽታ አለብዎት?» ብዬ አልጀምርም። ሀጂ እኮ አልዋሹኝም፣ በሳቸው ቤት በሽታው ህንድ ቀርቷል። «ጠዋትና ማታ የሚውጡት ምንድነው? ይዘውት ከሆነ ያሳዩኝ» ነው የምለው፣ ሰልፉ በር ድረስ ቢደርስም።

ባለፈው ሀጂ ወገባቸውን አሟቸው መጡ። ማዘዣውን ከማውጣታቸው በፊት ያቺን ፌስታል ባንኮኒው ላይ ፈቱልኝ፣ እጃቸው ጸጥ ብሏል። ማዘዣው ላይ ዲክሎፌናክ ነበር፣ ወንበር ሰጥቻቸው ለሐኪሙ ደወልኩ።