ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በየትኛው ዘዴ ይመረት? ጥጉን ቆርጬ ያየሁት

በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ የቴክኒክ ክፍል ስሠራ፣ ባለ 20 ሊትር የውኃ ጀሪካን ለማምረት የሚያዋጣውን ዘዴ አጥንቼ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ፋብሪካው ሁላችንም «ሮቶ» የምንለውን የውኃ ታንከር ለዓመታት ሲያመርት ስለቆየ፣ ጀሪካኑንም በዚያው ምድጃ መሥራትን አስቀደምኩ። በዚህ የሮቶ ዘዴ ፖሊኢትሊን የተባለ ፕላስቲክ ዱቄት ሞልዱ (የዕቃው ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ይጨመርና፣ ሞልዱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚግል ምድጃ ውስጥ በሁለት አቅጣጫ በዝግታ ሲሽከረከር፣ ዱቄቱ እየቀለጠ በውስጥ ግድግዳው ላይ ይጋገራል። ግፊት ስለሌለው ሞልዱ ከላሜራ ተበይዶ በርካሽ ሊሠራ ይችላል። ሆኖም ሞልዱ ከነዕቃው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ በመሆኑ አንዱ ጀሪካን 35 ደቂቃ ፈጀብን፤ ይህም በስምንት ሰዓት ፈረቃ ከአንድ ሞልድ 13 ጀሪካን ብቻ ማለት ነው።

የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበትን፣ ፕሪፎርም የሚባል ቀድሞ የተሠራ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ አሙቆ የመንፋት ዘዴ ብዙም አልቆየሁበትም፤ ሰው በአንድ እጁ የሚሸከመው ጀሪካን ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ከአካሉ ጋር አንድ ላይ የወጣ መያዣ ያስፈልገዋል፣ ፕሪፎርምን ወጥሮ በመንፋት ደግሞ ይህ አይገኝም።

የቀረው የቀለጠ የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ታች እየወረደ ሞልዱ ሲገጥምበት በአየር የሚነፋበት ዘዴ ነበር። ማሽን ካለው ሌላ ፋብሪካ ጋር ተስማምተን ሞከርነው፤ አንዱ ጀሪካን ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ይወጣ ጀመር። ውኃ ሞልተን ከአንድ ሜትር ከፍታ ስንጥለው ግን ከታች ጥጉ ላይ ፈነዳ። ጥፋቱን በጥሬ ዕቃው ላይ አድርጌ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥሬ ዕቃ ስቀያይር ከረምኩ፤ ይህ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ነው።

በመጨረሻ ጀሪካኑን በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቄ የግድግዳውን ውፍረት በካሊፐር ለካሁት። ጎኑ 2.1 ሚሊሜትር፣ የፈነዳው ጥግ ግን 0.7 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። የለመድኩት ሮቶ ስለነበር ጥግ ጠንካራ ቦታ ይመስለኝ ነበር፤ በዚያ ዘዴ የውጩ ጥግ ብዙ ጊዜ ከጎኑ ይልቅ ይወፍራልና። ቱቦው ሲነፋ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ፕላስቲኩ መጀመሪያ የነካው ጎን ወዲያው እየረጋ ስለሚቀር፣ ጥግ የሚደርሰው እየተለጠጠ የሳሳው ነው።

መፍትሔው ጀሪካኑን በሙሉ ማወፈር አልነበረም። ቱቦው የሚወጣበት ክፍተት ለጥጉ የሚደርሰው ክፍል ሲወርድ ሰፋ እንዲል አስተካከልነው፤ የሞልዱንም ሹል ጥግ ክብ አደረግነው። ክብደቱ በ30 ግራም ብቻ ጨምሮ ከዚያው ከፍታ ሲጣል አልፈነዳም። ታንከሩ በሮቶ እንዲቀጥል፣ ጀሪካኑ በሚነፋው ማሽን እንዲመረት አቅርቤ ተቀባይነት አገኘ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሞልድ ሲመጣ፣ የመጀመሪያውን ናሙና ውኃ ከመሙላቴ በፊት ከታች ጥጉ ጀምሬ በመጋዝ እቆርጠዋለሁ።