ገበሬዎቿ የማይኖሩባት የገበሬ ከተማ

ጋና ነው የምኖረው ስል የሚሰማኝ ሁሉ አክራን ያስባል። እኔ ያለሁት ግን የመኪና መጨናነቅ ከሌለ ከአክራ አንድ ሰዓት ገደማ በሚያስኬደው የአኩዋፔም ተራራ ላይ፣ ማምፖንግ በምትባል ከተማ ነው። (በአሻንቲ ክልል ሌላ ማምፖንግ ስላለች እንዳትምታታባችሁ።) ለትምህርት መጥቼ በሥራ ምክንያት ቀረሁ። የይርጋለም ልጅ ነኝ፣ ያደግሁት ቡና መካከል ነው። ስለዚህ የካካዎ አገር ናት ሲሉኝ ከየቤቱ ጓሮ የሚጀምር እርሻ ነበር የጠበቅሁት። ያገኘሁት ግን በራቸው የተቆለፈ፣ ያረጁ ባለፎቅ ቤቶች ነው። በሥራ ቀን ብትመጡ ሽማግሌዎችንና ተማሪዎችን ታያላችሁ። የቤቱ ባለቤት የት ሄደ ብላችሁ ብትጠይቁ “እርሻ ላይ ነው” ይሏችኋል። እርሻው ከተራራው ወርዶ ወንዝ ተሻግሮ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1879 ነው፤ ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቴቴ ኳርሺ የተባለ የጋ ብሔረሰብ ተወላጅ ብረት ቀጥቃጭ፣ ዛሬ ቢዮኮ ከምትባለው ከፈርናንዶ ፖ ደሴት የካካዎ ፍሬ አምጥቶ እዚህ ተከለ። ከስዊዘርላንድ የመጡት የባዝል ሚሲዮን ሰባኪዎች ከእርሱ ቀደም ብለው ሞክረው ነበር፤ ሕዝቡ በፍቅር የሚያነሳው ግን ቀጥቃጩን ነው። ማሳው ዛሬም ይጎበኛል፣ በ1961 የተከፈተው ሆስፒታልም በስሙ ይጠራል። ቀጥቃጭን በቡዳነት እየጠረጠርን ለኖርን ለእኛ ይህ ትንሽ አንገት የሚያስደፋ ነገር ነው።

ተራራው ጠባብ ነው፣ ካካዎ ደግሞ ጫካ ይወዳል። ከ1890ዎቹ ጀምሮ የአኩዋፔም ሰዎች የዴንሱን ወንዝ እየተሻገሩ ከጎረቤቱ የአኪዬም አቡአኳ ግዛት አለቆች መሬት መግዛት ያዙ። ልብ በሉ፣ በገንዘባቸው ገዙ እንጂ ማንም መሬት አልሰጣቸውም። ብቻውን ያልቻለ ከዘመድና ከጎረቤት ጋር አዋጥቶ ሰፊ ጫካ ይገዛል፣ ከዚያም በገመድ እየለኩ እያንዳንዱ እንደ መዋጮው ረጅምና ቀጭን ቁራሽ መሬት ይወስዳል። ለድልድይና ለመንገድ ሥራ ሳይቀር ከኪሳቸው የከፈሉ ነበሩ። በ1911 ጎልድ ኮስት፣ ማለትም ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው ጋና፣ በካካዎ ከዓለም አንደኛ የሆነችው በእንግሊዞች ሰፋፊ እርሻ ሳይሆን እንዲህ ባሉ ስደተኛ ገበሬዎች ጉልበትና ብር ነው።

ትርፉ ሲመጣ ታዲያ ባለፎቁን ቤት የሠሩት እርሻቸው አጠገብ አይደለም። እዚያ በጭቃ ጎጆ እየኖሩ እዚህ ተራራው ላይ ገነቡ። ይህን ሲያጫውቱኝ ሳቄ መጣ፤ ዋሽንግተን አንድ ክፍል ተከራይቶ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ የሚያስገነባ የአክስት ልጅ አለኝ።

ባለፈው የምርት ወቅት የአከራዬ ወንድም ሱሁም አካባቢ ወዳለው ማሳው ወሰደኝ። የካካዎ ፍሬ ከግንዱ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያድገው። በገጀራ ሰንጥቀው፣ ነጭ ሙልጭልጭ ሥጋ የለበሰውን ዘር አውጥተው በሙዝ ቅጠል ላይ ይከምሩታል፣ በቅጠልም ይሸፍኑታል። ለስድስት ቀን ያህል እንዲህ ይብላላል። እጄን ወደ ክምሩ ሰደድሁ፤ ያቃጥላል፣ ሽታውም እንደ ጠላ ጥንስስ ነው። ከዚያ ከመሬት ከፍ ባለ የቀርከሃ ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ እየተገላበጠ፣ የተበላሸው እየተለቀመ ይደርቃል። እኔም ሳይጠሩኝ ቆሜ ለቀማ ገባሁ፤ ይህን ሥራ ከእናቴ ጋር ቡና ላይ ሠርቼዋለሁ።

ማሳውን የሚጠብቀው ሰው ከሰሜን ጋና የመጣ ነው። አቡሳ በሚባለው ውል ከምርቱ ሲሶውን ይወስዳል። ልጆቹ የተወለዱት ሱሁም ነው፣ አፋቸውን የፈቱትም በዚሁ አካባቢ ቋንቋ በትዊ ነው። ቤት የሚሠራው ግን እዚያው ሰሜን፣ ቦልጋታንጋ ከተማ ነው። የቆርቆሮውን ዋጋ እያነሳ ሲያማርር ብዙ ቆየን።

ማምፖንግ የምትሞላው ዓርብ ማታ ነው። ቅዳሜ የቀብር ቀን ስለሆነ ከየእርሻው፣ ከአክራ፣ አልፎም ከአውሮፓ ሰው ይጎርፋል። ሟቹ የትም ይሙት፣ ወደ ተራራው ይመለሳል፤ ቤተሰቡ ተሰባስቦ እስኪመክር ድረስ አስከሬኑ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን በማቀዝቀዣ ይቆያል። ጥቁርና ቀይ የለበሰ ሕዝብ ድንኳኑን ይሞላዋል፣ ድምፅ ማጉያው መስኮት ያንቀጠቅጣል። ይህን ጩኸት እስከ ዛሬ አለመድሁትም። መዋጮው ጠረጴዛ ላይ በደብተር ይመዘገባል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ የሰጪው ስምና የገንዘቡ መጠን በማይክሮፎን ይነገራል። የእኛ እድር ቢያንስ ድህነትህን ለመንደሩ አያውጅብህም። የእኔ ተራ ሲደርስ “ከኢትዮጵያ!” ተብሎ ተነገረና ሕዝቡ አጨበጨበ። ገንዘቡ የሚያስጨበጭብ አልነበረም።

ያን ጊዜ ናና የምንላቸው አንድ አዛውንት በእጃቸው ጠቅሰው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አባታቸው በጎልድ ኮስት ብርጌድ ተመልምለው በ1941 ዋደራ ላይ ከጣሊያን ጋር ተዋግተዋል። ጉጂ ምድር ውስጥ ያለችው ዋደራ፣ በእኛው በደቡብ! በትምህርት ቤት ታሪክ ስንማር ስለ እንግሊዞች ተነግሮናል፤ የካካዎ ገበሬ ልጆች በዝናብና በጭቃ እየተዋጉ ያንን ተራራማ ጫካ እንዳለፉ ግን ማንም አልነገረኝም።

“አባቴ የሚያወራው ስለ ብርዱ ብቻ ነበር” አሉኝ ናና። “አሁንም እንደዚያ ይበርዳል?”

“ሌሊቱ ይበርዳል” አልኋቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሌላ ጉዳይ ተሻገሩ። የወንድማቸው አስከሬን ከለንደን እየመጣ ነው። ልጆቹ ድንኳኑን ማን ይከራይ፣ ምግቡን ማን ይቻል በሚል በስልክ እየተጨቃጨቁ ነው። እኔም ቅዳሜዬን ከአሁኑ እንድይዝላቸው፣ መዋጮዬም ከዛሬው ከፍ እንዲል ነገሩኝ።